የአንድ ደቂቃ ዝምታ፦ የሕፃናት ምርመራና ሰው ሠራሽ አስተውሎት በመተማ ቆላ

«ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል» ትላለች እናት፤ ጤና መኮንኑ ካርዱ ላይ ተቅማጥና ትውከት ብሎ በእንግሊዝኛ ያሰፍራል። ቃል በቃል ለሚተረጉም ግን ልጁን አንድ ነገር ወንበር ላይ አስቀምጦታል፣ ከመንገድም መልሶታል። በአማርኛ ተሰምቶ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ማስታወሻ ሁሉ እንዲህ ያለ ትርጉም አለበት፤ ባለሙያው በየቀኑ ይሠራዋል፣ እንደ ሥራ የሚቆጥርለት ግን የለም።

በምርመራ ክፍል የሚደረገውን ንግግር አዳምጠው ረቂቅ ማስታወሻ የሚያዘጋጁ መሣሪያዎች በአሜሪካ ሆስፒታሎች እየተስፋፉ ነው። የተፈለጉት ሐኪሙን ከኮምፒውተር ለማላቀቅ ነው። የእኛ ጤና ጣቢያ ሸክም ሌላ ነው፤ ያው አንድ ሕፃን ካርድ ላይ፣ መዝገብ ላይ፣ ኋላም ወርኃዊ ሪፖርት ላይ ይጻፋል። መሣሪያው ቢያጓጓ አይፈረድም።

ሆኖም የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዋ አሊሰን ኮኔክና ባልደረቦቿ በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ዊስፐር ከተፈተሹት የድምፅ ቅንጣቶች 1 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ማንም ያልተናገረውን ሐረግ ፈጥሮ መጻፉን አሳይቷል። ንግግር የሌለበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ችግሩ ይብስ ነበር።

የሕፃን ምርመራ ደግሞ ዋናው ክፍሉ ዝምታ ነው። የሚያስለው ልጅ ልብሱ ወደ ላይ ይገለጣል፤ እናቱ ጡት እንዳታጠባው ይነገራታል፤ ባለሙያው ዓይኑን ከሆዱ ሳይነቅል ሙሉ 60 ሰከንድ ትንፋሹን ይቆጥራል። ቢያለቅስ እንደገና ይጀምራል። 48 ቢቆጠር ለ11 ወር ልጅ ደህና ነው፤ ለ13 ወሩ ግን ፈጣን አተነፋፈስ ነው፤ ወሰኑ ከ2 እስከ 12 ወር 50፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40 ነውና። የደረት መሰርጎድም፣ ቆዳን ቆንጥጦ መልቀቅም፣ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ የክንድ ዙሪያም ድምፅ የላቸውም።

በሱዳን ድንበር ባለችው መተማ ነገሩ ይወሳሰባል። አማርኛ፣ ጉሙዝኛና ዐረብኛ በአንድ ወረፋ ይሰማሉ፤ የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ከፈነዳ ወዲህ በመተማ ዮሐንስ በኩል ስደተኞች ገብተዋል። በአስተርጓሚ የሚመረመር ልጅ ቃሉ ሁለት ጊዜ ተተርጉሞ ነው ማስታወሻ የሚደርሰው። እናት «ምች መታው» ስትል ትኩሳት ትሁን ሌላ ተጠይቃ እንጂ ተገምታ አይታወቅም። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ያለበት ልጅ የቆላ በሽታ የሆነው ካላዛር ሊኖርበት ይችላል። ወላጆቹ ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ ይዘውት ወርደው ደጋ ከተመለሱ «ቆላ ነበራችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ያስፈልጋል፤ ያልተጠየቀውን መሣሪያው ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ባለሙያው የቆጠረውንና ያየውን ጮክ ብሎ ይናገር፤ እናትየውም ትሰማለች፣ ይህ ብቻውን ትልቅ ትርፍ ነው። የእናት ቃል በአማርኛ እንዳለ ከትርጉሙ ጎን ይቀመጥ። በአማራ ክልል በ2015 ክረምት የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሳይመለስ ስለቆየ፣ ያለ ኔትወርክ የማይሠራ መሣሪያ እዚህ አይታሰብም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታልና ድምፁ ከመቀዳቱ በፊት ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ይጠየቅ። የትንፋሹ ቁጥር ሳይነገር ሲቀር መስመሩን ባዶ የማይተው መሣሪያ ግን ሕፃናት ክፍል ሊገባ አይገባም።