ከእንሶስላ እስከ ጄል፤ የጥፍር ቀለምና የማስለቀቂያው ታሪክ

በአማርኛ እንሶስላ ይሞቃል እንጂ አይቀባም። ቃሉ የሥራውን ሂደት በትክክል ይገልጻል። የተክሉ ሥር ከመሬት ተቆፍሮ ይታጠባል፤ ይወቀጣል፤ በውሃም ተለውሶ በሴቲቱ እጅና እግር ላይ ይደረግና በቅጠል ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ ሙቀቱን እንደ ያዘ ይቆያል። ጥቅሉ ሲፈታ መዳፉም፣ ጣቱም፣ ጥፍሩም ወደ ጥቁር ያደላ ቅላት ይዞ ይገኛል። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች ሴቶች ለሠርግም ሆነ ለዓመት በዓል ሲያጌጡበት የኖሩት ይኸው ተክል በሥነ ዕፅዋት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1847 ሲሆን፣ ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር በዚያው ዓመት መታተም በጀመረው የሐበሻ ዕፅዋት መጽሐፉ «ኢምፓሺየንስ ቲንክቶሪያ» ሲል ሰይሞታል። የሁለተኛው ቃል ትርጕም «የማቅለሚያ» ማለት ነው። ስለዚህ ሳይንሱ ተክሉን የሰየመው በሴቶቹ ሙያ ነው ማለት ይቻላል።

ከሰቆጣ ከፍታ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ የሚገኘው አበርገሌ በፍየል ዝርያው የታወቀ ቆላማ አገር ነው። እንሶስላ ግን ርጥበትና ጥላ የሚወድ የደጋ ተክል ነው። ስለዚህ የቆላ ሴት ሥሩን የምትጠብቀው ከጓሮዋ ሳይሆን ከደጋ ከሚወርድ ሸክም ነው። ሥሩ አንድ ጊዜ ወርዶ ከተሞቀ በኋላ ግን ተከትሎት መውረድ የሚገባው ሌላ ነገር አልነበረም። ይህ ነጥብ ለሚቀጥለው ታሪክ መሠረት ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በእንሶስላ ሙያ ውስጥ ማስለቀቂያ የሚባል ነገር የለም። ምክንያቱም ቀለሙ በጥፍሩ ላይ የተነጠፈ ልባስ ሳይሆን በጥፍሩ ውስጥ የሰረገ ማቅለሚያ ነው። በሒና ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ላውሶን የተባለው ውሁድ ጥፍርና ፀጉር ከተሠሩበት ከኬራቲን ፕሮቲን ጋር በኬሚካዊ ትስስር ይጣመራል፤ የእንሶስላ ዘመድ በሆነው በኢምፓሺየንስ ባልሳሚና ውስጥም ይኸው ውሁድ ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን ቀለም ከቆዳ ላይ የሚያስለቅቀው የቆዳው መታደስ፣ ከጥፍር ላይ የሚያስለቅቀው ደግሞ የጥፍሩ ማደግ ብቻ ነው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል፤ የእግር ጥፍር ከዚያ በግማሽ ያህል ያንሳል። ሙሽራዪቱ ቅላቱ ወደ ጫፍ እየተገፋ ሲሄድ ጥፍሯን በመቍረጥ ብቻ ታስለቅቀዋለች።

ልባሱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ፣ ይኸውም ከጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነው። ክርስቲያን ሾንባይን የተባለው የባዝል ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1846 ጥጥን በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ ነክሮ ናይትሮሴሉሎስን፣ ማለትም የሚፈነዳውን ጥጥ፣ ለዓለም አስታወቀ። እንግሊዞች ኮርዳይት የተባለውን ጭስ አልባ ባሩዳቸውን ለመሥራት ይህንኑ ጥጥ የሚያሟሙበት አሴቶን ያስፈልጋቸው ነበር። አሴቶን በዚያን ጊዜ በብዛት የሚገኘው እንጨትን ያለ አየር በማቃጠል ስለ ነበር በአንደኛው የዓለም ጦርነት እጥረቱ እጅግ ከበደ። በማንቸስተር ያስተምር የነበረው ኬሚስት ሐይም ቫይስማን፣ በኋላ የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው፣ በቆሎን በባክቴሪያ በማብላላት አሴቶን የሚያስገኝ ዘዴ አበጀ። ጠላና አረቄ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ እህል ነው፣ ጋን ነው፣ መብላላት ነው። ልዩነቱ ከቫይስማን ጋን በክብደት 6 እጅ ቡታኖል፣ 3 እጅ አሴቶን፣ 1 እጅ ኤታኖል መውጣቱ ነው።

ለጦርነቱ የተፈለገው አሴቶኑ እንጂ ቡታኖሉ አልነበረም። ሰላም ሲወርድ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ከቡታኖል የሚሠራው ቡታይል አሴቴት ናይትሮሴሉሎስን አሟምቶ በፍጥነት የሚደርቅ የመኪና ቀለም ለመሥራት ተስማሚ ሆነ፤ ዱፖን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1923 ዱኮ የተባለውን ቀለም ለገበያ አቀረበ። የጥፍር ቀለምም የዚሁ የመኪና ቀለም ታናሽ ወንድም ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሁለቱ የሬቭሰን ወንድማማቾች ከኬሚስቱ ከቻርልስ ላክማን ጋር ሬቭሎንን ሲያቋቁሙ ያቀረቡት ሸቀጥ ጥፍሩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ደማቅ ቀለም ነበር።

ኢትዮጵያውያን ይህን ሸቀጥ የሚጠሩበት «ኩቴክስ» የተባለው ስም የራሱ ታሪክ አለው። ኩቴክስ እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ ሲጀመር የጥፍር ቀለም አልነበረም፤ በጥፍር ሥር የሚበቅለውን ቆዳ አለስልሶ የሚያስወግድ ፈሳሽ ነበር፤ ስሙም የተወሰደው ከዚያው ቆዳ የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው። ለማስወገጃ የወጣ ስም በእኛ አገር ለሚቀባው ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

የኩቴክስ ባሕርይ ለመረዳት ቀላል ነው። ናይትሮሴሉሎሱ በአሟሚ ውስጥ ሟምቶ ይቀባል፤ አሟሚው ሲተን ስስ ልባስ ይቀራል። አሟሚው ቢመለስ ልባሱም ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ስለሆነም አሴቶን የነካ ጥጥ በጥፍሩ ላይ ጥቂት ሲታሽ ቀለሙ ይነሣል። ቀለሙ ከጥጥ የተሠራ፣ የሚነሣውም በጥጥ መሆኑ ሳያስገርም አይቀርም። እዚህ ላይ ስሕተት ቢፈጠር ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ማስለቀቂያ ያጣች ሴት ቀለሙ በቀናት ውስጥ ራሱ ተፈረካክሶ ያልቅላታል።

ጄል ይህን ሥርዐት ለወጠ። የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከጥርስ ሕክምና ነው። ፍሬድ ስላክ የተባለው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1954 የተሰበረ ጥፍሩን ለጥርስ መሥሪያ በሚያገለግል አክሪሊክ ጠገነ፤ ከዚያም ሰው ሠራሽ ጥፍር ንግድ ሆነ። በ1970ዎቹ ሜታይል ሜታክሪሌት የተባለው ጥሬ ዕቃ ጥፍርን እየጎዳና ቆዳን እያስቈጣ በመገኘቱ የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት ባለሥልጣን በፍርድ ቤት ጭምር ተከራክሮ ከገበያ አስወጣው። በ1980ዎቹ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚጠነክሩ ጄሎች ታዩ፤ ነገር ግን የሚወገዱት በሞረድ ብቻ ስለ ነበር ብዙ አልገፉም። በአሴቶን ተነክሮ የሚለቀው ጄል በሰፊው የናኘው እ.ኤ.አ. በ2010 ሼላክ የተባለው ሸቀጥ ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ነው።

እንግዲህ አንባቢው ሊገነዘበው የሚገባው ጄል በአሴቶን የማይሟሟ መሆኑን ነው። ጄል የሚጠነክረው አሟሚ ተንኖለት አይደለም፤ ብርሃኑ ሲያርፍበት አጫጭሮቹ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው እንደ መረብ ስለሚጠላለፉ ነው። መረብ አይሟሟም፤ ያብጣል እንጂ። አሴቶን ቀስ እያለ በመረቡ ቀዳዳዎች ገብቶ ልባሱን ሲያሳብጠው ልባሱ ይሸበሸብና ከጥፍሩ ላይ ይላቀቃል። ለመነከር የተዘጋጁት ጄሎች መረባቸው ሆን ተብሎ የላላ ነው፤ ጠንካራ ጄል የሚባሉት ግን ቀኑን ሙሉ ቢነከሩም አይለቁም።

ከዚህ የተነሣ ማስለቀቅ ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ሆኗል። ባለሙያዋ በመጀመሪያ አሴቶን የማያስገባውን የላይኛውን አንጸባራቂ ንጣፍ በሞረድ ታደበዝዛለች። ከዚያ በአሴቶን የራሰ ጥጥ በጥፍሩ ልክ አስቀምጣ ጣቱን በአሉሚኒየም ወረቀት ትጠቀልላለች፤ አሴቶኑ እንዳይተን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ታቆየዋለች። ጥቅሉ ሲፈታ ልባሱ እንደ ተላጠ ቅርፊት ተነሥቶ ከታየ በእንጨት ዘንግ ገፋ ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ ካልተነሣ እንደገና ይጠቀለላል። የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሰፊ ስለሆነ ከእጅ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጨረሻ የደረቀው ጥፍርና ቆዳ ዘይት ይቀባል። እንሶስላ የሚያሞቁት እናቶች ይህን ቢያዩ ጣት መጠቅለሉን አይደነቁበትም ነበር፤ የሚደንቃቸው ጥቅሉ ቀለም ለማስገባት ሳይሆን ቀለም ለማስወጣት መዋሉ ነው።

ጉዳት የሚደርሰው ይህ የ15 ደቂቃ ቆይታ ሲጓደል ነው። የጥፍር ገላ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ በብዙ ስስ ንጣፎች የተደራረበ አካል ነው። ያላበጠ ጄል በብረት ሲፋቅ ወይም በጥርስ ተይዞ ሲላጥ የላይኞቹን ንጣፎች አብሮ ይዞ ይነሣል። ብዙ ሴቶች «ጄል ጥፍሬን ጨረሰው» ሲሉ የሚወቅሱት ቀለሙን ነው፤ በአብዛኛው ግን ጥፋቱ የአወላለቁ ነው። አንድ ጄል የተቀባች ሙሽራ ከሰቆጣ ወይም ከባሕር ዳር ወደ አበርገሌ ብትወርድ፣ ቀለሙ ከእርሷ ጋር ይሄዳል፤ አሴቶኑ፣ ወረቀቱና ሙያው ግን ከተማ ይቀራሉ። ሦስት ሳምንት ሲሞላው ጫፉ መነሣት ይጀምራል፤ የተነሣን ጫፍ ደግሞ ጣት አይተወውም። የአቀባቡ ሙያ ከሸቀጡ ጋር ተጉዞ የአወላለቁ ሙያ ወደ ኋላ መቅረቱ ለዚህ ንግድ ትልቁ ጉድለት ነው።

ለመሐንዲስ ደግሞ ሌላ የሚያሳስብ ነገር አለ። አሴቶን በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ2,200 ሜትር በላይ በምትገኘው በሰቆጣ የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ የመፍያው ነጥብ ወደ 49 ዲግሪ ግድም ይወርዳል። ስለዚህ በደጋ ላይ ጥቅሉ ካልጠበቀ አሴቶኑ ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል፤ በቆላ ደግሞ ክዳኑ የላላ ጠርሙስ ባዶውን ይገኛል። ማሞቅ ሥራውን እንደሚያፋጥን የተረዱ ባለሙያዎች ለብ ያለ ፎጣ በጥቅሉ ላይ ቢያደርጉ ይበቃቸዋል፤ ጠርሙሱን ወደ እሳት ማስጠጋት ግን ፈጽሞ ሊታሰብ አይገባም። አሴቶን ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ግድም እንኳ የሚቀጣጠል እንፋሎት ይሰጣል። እንፋሎቱ ከአየር እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ከአየሩ 100 እጅ 2.5 ያህሉን ሲይዝም ሊቀጣጠል ይችላል። የእግር ጥፍር የሚሠራውም፣ ረከቦቱ ተዘርግቶ የቡና ከሰል የሚቀጣጠለውም እዚያው ወለሉ አጠገብ ነው። ከሰሉንና አሴቶኑን በአንድ ክፍል ውስጥ ማዋል አይገባም። በቀን ውስጥ ብዙ ደንበኛ የምታስተናግደው ሠራተኛም እንፋሎቱን ጎንበስ ብላ ስለምትምገው መስኮት መከፈት አለበት።

የጤናው ወገንም ቸል የሚባል አይደለም። ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፈጠረው፣ በጣት ላይ ተሰክቶ የደምን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ብርሃን በጥፍር በኩል ያሳልፋል፤ ጥቁርና ሰማያዊ ቀለሞች ንባቡን ሊያዛቡት ስለሚችሉ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በፊት ጥፍር እንዲጸዳ ይጠይቃሉ። ኩቴክስ በአልጋው አጠገብ በአንድ ደቂቃ ይነሣል፤ ጄል ግን አይነሣም። የብሪታንያ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 በጄል ጥሬ ዕቃዎች ምክንያት ስለሚመጣ አለርጂ አስጠንቅቋል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከመስከረም 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቲፒኦ የተባለውን፣ ጄሉን በብርሃን የሚያስጠነክረውን ቅመም በጥፍር ሸቀጦች ውስጥ ከልክሏል። አለርጂ አንዴ ከያዘ የሚለቅ አይደለም፤ በኋላ ጥርስ በሚሞላበት ጊዜም ሊያስቸግር ይችላል፤ የጥርስ መሙያውም የዚሁ ቤተሰብ ነውና።

በተሳሳተ አወላለቅ የሳሳ ጥፍር ምንም ዘይት ቢቀባ አይጠገንም፤ አድጎ እስኪተካ ይጠበቃል። ለእጅ ጥፍር ይህ ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። ለእግር አውራ ጣት ግን ከ12 እስከ 18 ወር ነው፤ በጥር ተድራ በየካቲት ጄሏን በብረት ያስፋቀች ሙሽራ የእግር ጥፍሯን ሙሉ ሆኖ የምታየው በሚቀጥለው ዓመት የካቲት፣ ሲዘገይም በነሐሴ ይሆናል።