የነገሥታት መክረሚያ

ሰው ጎንደርን ለማየት የሚነሣው በጥር ነው። ጥምቀት ይደርሳል፣ የቀሃ ወንዝ ውኃ ወደ አፄ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ይለቀቃል፣ ከተማዋ ነጭ ትለብሳለች፣ ሰማዩም ጥርት ይላል። እኔ ግን ክረምቱን ጎንደር ልከርም አስቤ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ላይ ደብተር አውጥቼ ዕቅድ መንደፍ ጀመርሁ። ሐሳቤን በመጀመሪያ የነገርሁት ለአጎቴ ነው። የአዘዞ ልጅ ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

«በክረምት? ምን ልታይ ነው፣ ጭቃ?» አሉኝ።

መልስ ነበረኝ፤ ረጅም ስለሆነ ግን ያን ዕለት ዝም አልሁ። እዚህ ልጻፈው።

ዛሬ «እንዴት ከረምህ?» ስንባባል ዝናብ ትዝ የሚለው የለም። ቃሉ ግን ክረምትን በአንድ ስፍራ ማሳለፍ ማለት ነበር። በግእዝ ክረምት ዓመትም ነው፤ እኛም የሚመጣውን ዓመት «ከርሞ» እንለዋለን። ጥንት ነገሥታቱ ቋሚ መዲና አልነበራቸውም። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሰፈርን ያመለክት ነበር፤ መዲናውም ድንኳን ነበር። በበጋ ይዘምታሉ፤ ማገዶው ሲያልቅ፣ የአገሬው እህል ሲሟጠጥ ሰፈሩ ይነሣል። ዝናቡ ወንዙን ሲሞላውና መንገዱን ሲያጨቀየው ግን ንጉሥም ቢሆን ይቆማል። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹ ንጉሡ በዚያ ዓመት የት እንደከረመ መመዝገብ የሚወዱት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። የመንግሥቱ አድራሻ ያ ነበራ!

ጎንደር የዚህ ልማድ ልጅ ናት ባይ ነኝ። አፈ ታሪኩ ሌላ ይላል፤ መዲናው ስሙ በ«ጎ» በሚጀምር ስፍራ እንደሚሆን ትንቢት ተነግሮ ስለነበር ነገሥታቱ ጉዛራን ሞከሩ፣ ጎርጎራን ሞከሩ፣ በመጨረሻ አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ ይላል። ተረቱን አልጠላውም። ነገር ግን ደንቀዝንና አዘዞን ይዘላቸዋል፤ ስማቸው በ«ጎ» አይጀምርማ። (ጉዛራስ ቢሆን በ«ጉ» አይደለም እንዴ?) የእኔ ዕቅድ የተዘለሉትንም የሚጨምር ነበር፦ ጎንደር ከርሜ፣ ማለዳ እየወጣሁ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይጀምር እየተመለስሁ፣ ነገሥታቱ ወደ ጎንደር የመጡበትን መንገድ ወደ ኋላ መሄድ።

ለጉዛራ አንድ ቀን መደብሁ። ከባሕር ዳር መንገድ ዳር፣ እንፍራዝ አጠገብ፣ ጣናን ቁልቁል የሚያይ ግንብ ነው። ብዙዎች የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይላሉ፤ የለም፣ ከፋሲል ዘመን ወዲህ ነው የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። ከሠርፀ ድንግል ከሆነ የጎንደር አያት ነው፤ ካልሆነ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ። ለጎርጎራ ሌላ ቀን፤ መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አፄ ሱስንዮስ በጣና ዳር የተቀመጡበት፣ የዓባይን ምንጭ ያየው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ጴድሮ ጳኤዝ በ1614 ዓ.ም. ያረፈበት ስፍራ ነው። የደብረ ሲና ማርያም የግድግዳ ሥዕሎች ብቻ ግማሽ ቀን ይወስዳሉ።

ለደንቀዝ ግን ሁለት ቀን ሰጠሁ። ከጎንደር በስተደቡብ ምሥራቅ ያለ ደጋ ነው፤ የሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍራሽ እዚያ አለ። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው አገሩን ለሁለት የከፈሉት ጊዜ ነበር። በ1624 ዓ.ም. ሰኔ ወር በወይና ደጋ ከላስታ ዐማፅያን ጋር ተዋጉ፤ አሸነፉም። ነገር ግን በሜዳው የወደቁት ብዙ ሺሕ ሰዎች የገዛ ሕዝባቸው ነበሩ። በዚያው ወር የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ዝናቡ መጣ። ንጉሥ ያልሆኑበትን የመጀመሪያውን ክረምት ሳይፈጽሙ፣ መስከረም ላይ ዐረፉ። የተቀበሩት ራሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ነው።

ያን ክረምት በዐይነ ኅሊናዬ ማየት እወዳለሁ፦ ጉሙ፣ የጣሪያው ጠብታ፣ ድል አድርጎ የተሸነፈ ሽማግሌ። ፋሲል የአባታቸውን ግንቦች ትተው አዲስ ስፍራ የፈለጉት ከዚህ ትዝታ ለመሸሽ ይመስለኛል፤ ማስረጃ የለኝም፤ ግምት ነው። በአንገረብና በቀሃ መካከል ያገኙት ኮረብታ ላይ ግን የክረምቱ ሰፈር በበጋ መነሣቱን ተወ። ነገሥታቱ ዘመቻ ቢወጡም ተመልሰው የሚገቡበት ቤት አገኙ። የአቋቋሙም የመጻሕፍት ትርጓሜውም ሊቃውንት በዙሪያው ተከሉ፤ ተማሪ ክረምት በወጣ ቁጥር ድንኳን ተከትሎ መዞሩ ቀረለት። ሩቅ አገር ሰው ጄምስ ብሩስ እንኳ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ፣ ግሽ ዓባይን ያየው ክረምቱ አልፎ በ1763 ጥቅምት ነው።

ዕቅዱ ይህ ነበር። ለቁስቋም፣ ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ዝናብ የሚያባራባቸውን ሰዓታት ትቼ ነበር። ለአዘዞ ግን ቀን አልመደብሁለትም፤ 12 ኪሎ ሜትር ምን አላት፣ በመንገዴ አልፋታለሁ ብዬ።

ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በክልሉ ጦርነት ተነሥቶ ነበር፤ መንገዱ ተዘጋ፣ በረራውም ተቋረጠ። ነገሥታቱን ያቆማቸው የሞላ ወንዝ ነበር፤ እኔን ያቆመኝ ወንዝ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ስልክ እየደወልሁ «እንዴት ከረማችሁ?» የምላቸው የጎንደር ወዳጆቼ ዘንድ ቃሉ እንደገና ሙሉ ትርጉሙን አግኝቶ ነበር።

የ2016 ክረምትም እንዲሁ አለፈ። አንድ እሑድ አጎቴ ዘንድ ቡና ስንጠጣ ደብተሩን ጠየቁኝና አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አገላበጡት።

«አዘዞ የት አለ?» አሉ።

«በመንገድ ላይ ነው፣ ጋሼ። አልፈነው ነው የምንሄደው።»

«ሱስንዮስ የተቀበሩበትን አልፈህ?» ደብተሩን መለሱልኝ። «ጻፍ። መጀመሪያ አዘዞ። እኔን እዚያ ታወርደኛለህ፤ አንተ ደንቀዝህን ዙረህ ስትመለስ ትወስደኛለህ።»

ጻፍሁ። ከላይ ቀኑን ስፈልግ እጄ ቆመ።

«ለከርሞ በል» አሉኝ።