ባለ 24 ጎማው ተሽከርካሪ

አህጉር አቋራጭ ሚሳይል በኮንክሪት በተገነባ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ሲቀመጥ ከጥቃት እንደ ተጠበቀ ይቆጠር ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ግን የሁለቱ ኃያላን መንግሥታት ሚሳይሎች ዒላማቸውን በትክክል የመምታት ችሎታቸው እያደገ ሄደ፤ ስለዚህም ቦታው የታወቀ ጉድጓድ ሁሉ ለጥቃት የተጋለጠ ሆነ። አንዱ መፍትሔ ሚሳይሉን በተሽከርካሪ ጭኖ ቦታውን መለዋወጥ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ቢሆንም አፈጻጸሙ የመሐንዲሶችን ችሎታ ክፉኛ ፈተነ።

በሶቪየት ኅብረት ይህ ኃላፊነት በአብዛኛው የወደቀው በሚንስክ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ላይ ነው። በ1954 የተቋቋመውና ቦሪስ ሻፖሽኒክ ለረዥም ዘመን የመሩት ልዩ የዲዛይን ቢሮ፣ በ1985 ማዝ-7907 የተባለውን የሙከራ ተሽከርካሪ ሠርቶ አቀረበ። ሊሸከም የታሰበው ሚሳይል ብቻውን ከ100 ቶን በላይ ይመዝን ነበር። ተሽከርካሪው 12 አክስልና 24 ጎማዎች ሲኖሩት፣ 150 ቶን እንዲጭን ታቅዶ ነበር። ከአንድ ሞተር ለ24 ጎማዎች ኃይል በዘንግና በጥርስ ማሰራጨት እጅግ የተወሳሰበ ስለሚሆን፣ 1250 የፈረስ ጉልበት ያለው ጋዝ ተርባይን ጄኔሬተር እንዲያዞር፣ እያንዳንዱ ጎማም በራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር እንዲነዳ ተደረገ።

የተሠሩት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ያንኑ ሚሳይል የባቡር ሐዲድ ተሸከመው። 45 ቶን ያህል የሚመዝነው ቶፖል ደግሞ ባለ 7 አክስል በሆነ የሚንስክ ተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ በ1985 ለግዳጅ ተሰማራ። ተሸካሚውን ከማግዘፍ ይልቅ ጭነቱን ማቅለል እንደሚበልጥ በተግባር ታየ።

አሜሪካኖች በበኩላቸው ሚጅትማን ለተባለው 14 ቶን ገደማ ለሚመዝን ሚሳይል የኑክሌር ፍንዳታን ነፋስ እንዲቋቋም መሬት ቆፍሮ የሚጣበቅ ተሽከርካሪ ሞከሩ። ሚሳይሉ ቀሎ ቢገኝም ቀዝቃዛው ጦርነት በማብቃቱ ዕቅዱ በ1992 ተሰረዘ፤ አንዱ ተሽከርካሪም በዴይተን ከተማ ወደሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ገባ።

ማዝ-7907 የታሰበለትን ሚሳይል ይዞ ለግዳጅ ሳይወጣ ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች። በ1996 ግን 88 ቶን የሚመዝን ጀልባ ከቤረዚና ወንዝ ወደ ናራች ሐይቅ 250 ኪሎ ሜትር ያህል አጓጉዟል። ለጥፋት መሣሪያ የተሠራው ተሽከርካሪ አቅሙን ያስመሰከረው ሰላማዊ ጭነት በመሸከም ሆነ።