አውራው ጠላት በስንት ጊዜ ይወድቃል?

እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት ተማሪዎች «ፕላቶ» በተባለው የትምህርት ኮምፒውተር መረብ ላይ «ዲ ኤን ዲ» የሚባል ጨዋታ ጽፈው አኖሩ። መነሻቸው ከአንድ ዓመት በፊት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያሳተሙት፣ በወረቀትና በእርሳስ የሚካሄደው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነበር። ተጫዋቹ በዋሻ ውስጥ እየተመላለሰ ወርቅ ይለቅማል፤ ጭራቅ ይገድላል፤ ጉልበት ያከማቻል፤ በመጨረሻም ምትሐተኛ ሉል የሚጠብቀውን የወርቅ ዘንዶ ይገጥማል። ዛሬ ተጫዋቾች «ቦስ» የሚሉት አውራ ጠላት በኮምፒውተር ጨዋታ ታሪክ ውስጥ ሲታይ ይህ ዘንዶ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል።

በዚያን ዘመን ዘንዶን ለመጣል የሚያስፈልገው ከሁሉ በላይ ትዕግሥት ነበር። ደካማ ጀግና ሳይዘጋጅ ቢገባ ይሞታል፤ ስለዚህ ወደ ላይኛው ዋሻ ተመልሶ ትንንሾቹን ጭራቆች እየገደለ እስኪፈረጥም ድረስ መቆየት ግድ ይለዋል። የሚመዘነው ከብልሃቱ ይልቅ ቆይታው ነበር። ይህ ልማድ ሠላሳ ዓመት ያህል ዘለቀ፤ ብዙ ሰው በኢንተርኔት አማካይነት በአንድነት የሚጫወትባቸው ጨዋታዎች ሲመጡማ ከልክ አለፈ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ኤቨርክዌስት» ከራፊርም የሚባል ዘንዶ ነበረው። አራቱ ጠባቂዎቹ ሲገደሉ ከእንቅልፉ ይነቃል፤ በአንድ ሰርቨር ላይ የሚነቃውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከነቃ ያገኘውን ሁሉ እየፈጀ ይሄዳል እንጂ በተጫዋች እጅ ይሞታል ተብሎ የታሰበ አልነበረም። በኖቬምበር 2003 «ራሎስ ዜክ» በተባለው ሰርቨር ላይ ወትሮ ባላንጣ የነበሩ ሦስት ማኅበራት ተባብረው ተነሡበት። በመጀመሪያው ሙከራ የዘንዶው ሕይወት ሩብ ያህል ሲቀረው የኩባንያው ሰዎች ከሜዳው አነሡት። ተጫዋቾቹ ክፉኛ ተቆጡ፤ ኩባንያውም ሁለተኛ ዕድል ሰጠ። ኖቬምበር 17 ቀን ከ180 የሚበልጡ ተጫዋቾች፣ ፈዋሾቻቸው የወደቀውን እያስነሡ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ተዋግተው ጣሉት። ከሬሳው ግን አንዳች ምርኮ አልተገኘም።

ከአምስት ዓመት በኋላ በጃፓኑ «ፋይናል ፋንታሲ 11» የደረሰው ደግሞ የሚያስደነግጥ ነው። አንድ ማኅበር «ፓንዴሞኒየም ዋርደን» ከተባለው አውራ ጋር ከ18 ሰዓት በላይ ተፋለመ። አንዳንዶቹ ማስመለስና ራስን መሳት ሲጀምራቸው ጠላቱ ገና አልወደቀም ነበርና ትተውት ወጡ። ጨዋታው ራሱ ሲከፈት ቤተሰብን፣ ጓደኛን፣ ትምህርትንና ሥራን አትርሱ የሚል ምክር የሚያስነብብ መሆኑን ልብ ይሏል። አሳታሚው ስኩዌር ኤኒክስ ብዙም ሳይቆይ ውጊያው ከሁለት ሰዓት እንዳያልፍ አደረገ። የጠላት ጥንካሬ በሚፈጀው ሰዓት ይለካል የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ ወዲያ ጠበቃ የሚያገኝ አይመስልም።

ሌላው መንገድ የተጠረገው በፌብሩዋሪ 2009 ነው። ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሂደታካ ሚያዛኪ መሪነት «ዴሞንስ ሶልስ»ን አወጣ። የሶኒ ከፍተኛ ኃላፊ የነበሩት ሹሄ ዮሺዳ አስቀድመው ሁለት ሰዓት ያህል ሞክረውት ከመነሻው ፈቀቅ ማለት ስላቃታቸው ጨዋታውን አጣጥለውት ነበር። ሆኖም ጨዋታው ለሚያስተውል ሰው ጨካኝ አይደለም። አውራው ጠላት ክንዱን በአንድ ዓይነት መንገድ ካነሣ የሚከተለው ምት የታወቀ ነው፤ ዛሬ የገደለው ምት ነገ ሊያመልጡት የሚቻል ነው። ጉልበቱ አነስተኛ የሆነ ጀግና እንኳ ካወቀበት ያሸንፋል።

ዕውቀቱ ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ተጫዋቾች መሬት ላይ አጫጭር መልእክት ለማያውቁት ሰው ጽፈው ያልፋሉ፤ አንዱ የሞተበት ቦታ ላይ የደም ምልክት ይቀራል፤ የነካው ሰው የሟቹን የመጨረሻ ቅጽበት ያያል። ሚያዛኪ የዚህን ሐሳብ ምንጭ ሲናገር በረዶ የሸፈነውን ዳገት ያነሣል። መኪኖች መውጣት አቅቷቸው ተደርድረው ሳለ ከኋላ ያለው የፊተኛውን እየገፋ ተያይዘው ወጡ፤ ከዚያም ሁሉም ሳይመሰጋገን ተለያየ።

ይህ መንገድ የት እንዳደረሰ በፌብሩዋሪ 2022 በወጣው «ኤልደን ሪንግ» ውስጥ ታየ። ማሌኒያ የምትባለው ባለሰይፍ ተጫዋቹን በመታችው ቁጥር የራሷ ቁስል ይሽራል፤ በጋሻ ቢመክት እንኳ አይቀርለትም። ስለዚህ እየተከላከሉ ማዝገም በእሷ ዘንድ ዋጋ የለውም። ብዙዎች ከእሷ ጋር ቀናት ፈጁ። በሌላ በኩል ደግሞ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚጥሏት ተገኙ።

ምሥጢሩ እንዲህ ነው። ደም በሚያፈሱ መሣሪያዎች ደጋግሞ ለመታት ሰው ቁስሉ ሳይታይ ይጠራቀምለታል፤ ሲሞላ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ፍንዳታው የሚቀንሰው ከጠቅላላ የሕይወት መጠኗ የተወሰነውን መቶኛ ስለሆነ የሕይወቷ ብዛት ራሱ ጠላቷ ይሆናል። በተጨማሪም ማሌኒያ ፈጣን ትሁን እንጂ ስትመታ በቀላሉ ትደናገጣለች፤ የደነገጠ ደግሞ መልሶ አይመታም። ዐዋቂው ተጫዋች ወደ አዳራሹ ሳይገባ መድኃኒቱን ጠጥቶ፣ አስማቱን ደራርቦ፣ የመጀመሪያዎቹን ምቶች አስልቶ ይጨርሳል። ውጊያው ያለቀው ከበሩ ውጭ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ክርክር አስነሣ። አንዳንዶች እንዲህ ያለውን ድል ሌብነት አሉት፤ ጠላቷን ፊት ለፊት ሳይማሩ ማሸነፍ ክብር የለውም ሲሉ ተሟገቱ። ክሱ ግን ሚዛን አይደፋም። የደሙን ሒሳብ፣ የመድኃኒቱን ቅደም ተከተል ያገኙት ሰዎች ደጋግመው ሞተው ነው ያገኙት፤ በደቂቃ የሚያሸንፈው ሰው የእነርሱን ሰዓት ነው የሚጠቀመው። ይልቅ በሚያዝያ 2022 መላውን ጨዋታ ከ7 ደቂቃ በታች የጨረሱት «ስፒድረነሮች» ሌላ ነገር ናቸው። እነርሱ የፕሮግራሙን ስሕተት ተጠቅመው ጀግናቸውን ከቦታ ቦታ ያስወነጭፉና አብዛኞቹን ጠላቶች ሳያዩ ያልፋሉ። ድንቅ ጥበብ ነው፤ ከማሌኒያ ጋር የሚደረገው ውጊያ ግን በዚያ ውስጥ የለም።

በዚያው የጸደይ ወቅት አንድ ተጫዋች በማሌኒያ በር ላይ ምልክቱን እያኖረ ይጠብቅ ጀመር። ለብቻዬ ልግጠማት የሚል ትርጉም ያለው ስም ይዞ፣ ራቁቱን ሊሆን ምንም ሳይቀረው፣ ራሱ ላይ ገንቦ ደፍቶ፣ በሁለት የጃፓን ጎራዴዎች ይዋጋል። የጠራው ሰው ጥግ ይዞ ይመለከታል፤ ባለገንቦው ብቻውን ይጨርስለታል። እሱ ራሱ መጀመሪያ እስኪያሸንፋት ከ200 በላይ ሙከራ ፈጅቶበታል። በሜይ 2022 ለ1,000ኛ ጊዜ ጣላት፤ በጁላይ አሳታሚው ባንዳይ ናምኮ እውነተኛ ሰይፍ በስጦታ ላከለት። በጨዋታው ሕግ ረዳት ሲጠራ የአውራው ጠላት ሕይወት ይጨምራል፤ ስለዚህ ባለገንቦው ለሌላው ሲል የሚገጥማት ማሌኒያ ለራሱ ከሚገጥማት ይልቅ ዘግይታ የምትወድቅ ናት።