በእጅ የተጻፈ ኤስኪውኤል በጃንጎ ኢንዴክሶች ታሪክ

ጃንጎ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ በሎረንስ ከተማ ጋዜጣ ቤት ተጀምሮ በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀ የድረ ገጽ ፍሬምወርክ ነው። ፕሮግራመሩ ሠንጠረዦቹን በፓይተን ይገልጻል፤ ዳታቤዙ የሚታዘዝበትን ቋንቋ፣ ኤስኪውኤልን፣ ጃንጎ ይጽፍለታል። ከዚህ ተነሥተው በእጅ ኤስኪውኤል መጻፍን እንደ ሽንፈት የሚቆጥሩ አሉ። በዳታቤዝ ውስጥ ፍለጋን የሚያፈጥኑት የኢንዴክሶች ታሪክ ግን ሌላ ያስረዳል፤ ፍሬምወርኩ ዳታቤዙን ከኋላ ሲከተል ኖሯል፣ ክፍተቱን የሞላውም የባለሙያው እጅ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጃንጎ የሚያውቀው ተራ ኢንዴክስ የአንድ ዓምድ ብቻ ነበር። ሁለት ዓምድ ማጣመር የፈለገ ሰው ትእዛዙን በተለየ ፋይል ጽፎ ያስቀምጣል፤ ሠንጠረዡ ሲፈጠር ፋይሉም ይሠራል። ጥምር ኢንዴክስ በ2013 ገባ፤ በሁኔታ የተገደበው በ2019፣ በስሌት ላይ የሚቆመው በ2021 ተከተለ። የተገደበውን እንመልከት። ሚሊዮን ሽያጭ በተመዘገበበት ሠንጠረዥ ሠራተኛው ዕለት ዕለት የሚፈልገው ያልተከፈለባቸውን ጥቂቶች ከሆነ፣ ሁሉንም ረድፍ ኢንዴክስ ማድረግ ቦታ ያባክናል፣ እያንዳንዱን ምዝገባም ያዘገያል። ፖስትግረስ የተባለው ዳታቤዝ ያልተከፈሉትን ብቻ ለይቶ መያዝን የቻለው ጃንጎ ከመለቀቁ በፊት ነው። እስከ 2019 ድረስ ግን ጃንጎ ራሱ ይህን አያቀርብም ነበር፤ ተጠቃሚው በእጁ ይጽፈው ነበር።

በእጅ የተጻፈ ትእዛዝ ይረሳል፣ ማን መቼ እንደጨመረው አይታወቅም የሚለው ስሞታ በዘመኑ እውነት ነበር፤ ያ ፋይል ሠንጠረዡ ከተፈጠረ በኋላ የመጣውን ለውጥ አይከታተልም። በ2014 በጃንጎ 1.7 የገቡት ማይግሬሽኖች፣ ማለትም የሠንጠረዥ ለውጦችን በቅደም ተከተል የሚመዘግቡ ፋይሎች፣ ግን መልሱን ሰጡ። ዛሬ በማይግሬሽን ውስጥ ኢንዴክሱን የሚፈጥረው መስመርና የሚያፈርሰው መስመር ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ ቅደም ተከተላቸውም ከኮዱ ጋር ይቀመጣል። ሌላው ስሞታ ሥራውን ከአንድ ዳታቤዝ ጋር ያቆራኛል የሚል ነው። የሪሌሽናል ዳታቤዝ ሐሳብ አመንጪ ኤድጋር ኮድ ግን በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ኢንዴክስ ቢጨመርም ቢነሣም ፕሮግራሙ ሳይነካ መቆየት እንዳለበት አስረድቷል። ድግግሞሽን ከሚከለክለው በቀር ኢንዴክስ ፍጥነትን እንጂ መልስን አይለውጥም። ስለዚህ ዳታቤዙን የቀየረ ሰው ኢንዴክሱን እንደገና ይጽፋል እንጂ ትክክለኛነትን አያጣም።

ጃንጎ የሚያውቀውን ኢንዴክስ በጃንጎ ግለጹ፤ የማያውቀውን ደግሞ ማፍረሻውን ጨምራችሁ በማይግሬሽን ውስጥ በእጃችሁ ጻፉ።