ለግል ፊልም ሠሪዎች አቅም የሚመጥኑ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች

ዳቪንቺ ሪዞልቭ ቀድሞ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥ፣ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ የሚገዙት የፊልም ቀለም ማረሚያ ነበር። ብላክማጂክ ዲዛይን የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ከጠቀለለው በኋላ ነፃ ቅጂ ወጣለት። ይህ ቅጂ ዛሬ ምስል ይቆርጣል፣ ድምፅ ያስተካክላል፣ ቀለም ያርማል። አዶቤ ፕሪሚየር ግን በየጊዜው የሚከፈልበት በመሆኑ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለው የአገራችን ወጣት ይከብዳል።

ሆሊውድ የሚያዘወትረው የአቪድ ሚዲያ ኮምፖዘር ዋና ብልጫ የምስል ጥራት አይደለም፤ ብዙ አቀናባሪዎች አንድን ፊልም በአንድ ጊዜ እንዲሠሩ ማስቻሉ ነው። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይህ እምብዛም አይጠቅምም። ለእርሱ የሚቸግረው የኮምፒውተር አቅም ነው፤ ሪዞልቭ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ይሻል። ኮምፒውተሩ ደካማ ከሆነ፣ በነፃ በሚገኘው ኬደንላይቭ «ፕሮክሲ» በሚባሉ አነስተኛ የምስል ቅጂዎች ሠርቶ፣ ሲጨርስ ፊልሙን ከዋናው ምስል ማውጣት ይቻላል።