ዘይትና ውሃ ያሰባሰባቸው ሊቃውንት

ወጥ ሲበስል ድስቱን ከፍታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ቀይ ነው። የበርበሬው ቀለም ከውሃው ይልቅ ዘይቱን ስለሚወድ ወደዚያ ይሄዳል። እናቶቻችን ይህን ያወቁት ኬሚስትሪ ተምረው ሳይሆን በርበሬ በዘይት ሲቁላላ ከእናቶቻቸው ጎን ቆመው አይተው ነው።

ኬሚስቶችም የሚሠሩት በዚሁ ነገር ነው። የማይዋሃዱ ሁለት ፈሳሾችን አንድ ላይ እንደ ወተት ይንጣሉ፤ ከዚያም እስኪረጋ ይጠብቃሉ። የሚፈለገው ነገር ወደ አንዱ ፈሳሽ ያልፋል፣ የማይፈለገው በሌላው ይቀራል። ሥራው ሶልቨንት ኤክስትራክሽን ይባላል፤ በእኛ አነጋገር በአሟሚ ፈሳሽ ለይቶ ማውጣት ማለት ነው። በቤታችን ግድግዳ ውስጥ ካለው የመዳብ ሽቦ ከፊሉ፣ በስልካችን ድምፅ ማውጫ ውስጥ ያለችው ትንሽ ማግኔትም በዚህ መንገድ ያለፉ ናቸው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ፈሳሾቹ ብቻ ሳይሆን፣ በዚህ ሥራ ምክንያት ከየአገሩ እየመጡ ስለሚሰበሰቡት ሰዎች ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ሲጀመር መሰብሰብ ቀርቶ መነጋገርም ክልክል ነበር። ፔሊጎ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1842 ዩራኒየምን በኤተር ለይቶ ማውጣት እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘዴው ለመቶ ዓመት ያህል ባብዛኛው ከላቦራቶሪ አልወጣም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች የአቶም ቦምብ ለመሥራት እጅግ ንጹሕ ዩራኒየም ሲያስፈልጋቸው፣ ያንኑ የኤተር ዘዴ በፋብሪካ ደረጃ ሠሩበት። ቀጥሎም ትሪቡቲል ፎስፌት የሚባል ፈሳሽ ከነጭ ጋዝ ጋር ቀላቅለው፣ ከተቃጠለ የኒውክሌር ነዳጅ ዩራኒየምና ፕሉቶኒየም የሚለዩበትን ዘዴ አገኙ። ይህ ሁሉ ምስጢር ነበር። የአንዱ አገር ኬሚስት ሌላው ያገኘውን ስለማያውቅ ከዜሮ ይጀምራል።

በሩ የተከፈተው በነሐሴ 1955 በጄኔቫ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ስለ አቶም ሰላማዊ አጠቃቀም በጠራው ጉባኤ ላይ፣ ተቆልፎ የነበረው ኬሚስትሪ ብዙው በአደባባይ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ ራሳቸው መገናኘት ጀመሩ። በ1965 በእንግሊዝ የአቶም ምርምር ማዕከል በሃርዌል፣ በ1966 ደግሞ በስዊድን በጎተንበርግ ተሰበሰቡ።

ከዚያስ? በመስከረም 1968 የተሰበሰቡት እዚሁ በእኛው ከተማ በኢየሩሳሌም ነው! የስድስቱ ቀን ጦርነት ካለቀ ገና ዓመት ከጥቂት ወር ነበር። ጉባኤው አምስተኛው ተብሎ ተመዘገበ፤ የቀረቡትን ጥናቶች የዕብራይስጡ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ኬርቴስና ማርኩስ አዘጋጅተው በ1969 በመጽሐፍ አወጡ። እስራኤል የተመረጠችው እንዲሁ በአጋጣሚ አይመስለኝም። አገሪቱ የኔጌቭ ፎስፌትና የሙት ባሕር ጨው ነበራት፤ ከፎስፌቱ ፎስፎሪክ አሲድን በአልኮል ለይቶ የማውጣት ዘዴም እዚሁ ተሠርቶ በዓለም ታውቋል። ድንጋይ ለሁሉም ተሰጥቷል፤ የሚከብደው ከድንጋዩ የሚፈለገውን መለየት ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን አንድ ችግር ነበር። ኬሚስቱ “ለምን ይለያል?” ብሎ ይጠይቃል። መሐንዲሱ ደግሞ “በሰዓት ስንት ቶን? ገንዳው ምን ያህል ይሁን?” ይላል። ሁለቱ በየፊናቸው ነበር የሚሰበሰቡት። በ1971 በሆላንድ ከተማ በሄግ ሁለቱም በአንድ ጉባኤ ተቀመጡ፤ አይሴክ የሚባለው ዓለም አቀፍ ጉባኤም መልኩን ያገኘው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ባብዛኛው በየሦስት ዓመቱ አገር ለአገር ይዞራል፦ ሊዮን፣ ቶሮንቶ፣ ሊየዥ፣ ዴንቨር፣ ሙኒክ እያለ ቀጠለ። በ1988፣ ምሥራቅና ምዕራብ ገና ሳይታረቁ፣ ሞስኮ ላይ ተሰበሰቡ። በአንድ ወቅት እርስ በርስ የሚደባበቁ ሰዎች አንድ ሰሌዳ ፊት ቆመው ተከራከሩ ማለት ነው።

የከተሞቹን ዝርዝር ልብ ብላችሁ ብታዩት የማዕድንን ጉዞ ይነግራችኋል። መዳብ በዚህ ዘዴ በፋብሪካ መመረት የጀመረው በ1968 በአሜሪካ በአሪዞና ነው፤ በ1970ዎቹ በአፍሪካ በዛምቢያ ትልቅ ፋብሪካ ቆመ። ጉባኤውም በ2002 ወደ ኬፕታውን፣ በ2008 ወደ አሪዞናዋ ቱሳን፣ በ2011 ወደ መዳብ አገር ቺሊ ሄደ። በ2005 ደግሞ ቤጂንግ ነበር። ቻይና ውስጥ ሹ ጓንግሺያን የሚባሉ ፕሮፌሰር፣ እርስ በርስ እንደ መንታ የሚመሳሰሉትን ሬር ኧርዝ የሚባሉ ብረቶች በብዙ ደረጃ እያከታተሉ የሚለዩበትን ስሌት በ1970ዎቹ አውጥተው ነበር። ዛሬ ዓለም ለማግኔቶቹ የቻይናን እጅ የሚያየው ማዕድኑ እዚያ ብቻ ስላለ አይደለም፤ መለየቱን ስለቻሉበት ጭምር ነው።

የትውልድ አገራችንንም እንይ። በጉጂ ቀንጢቻ የሚባል ቦታ ታንታለም አለ፤ ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚፈለግ ብረት ነው። ከመሬት ሲወጣ ከወንድሙ ከናዮቢየም ጋር ተጣብቆ ነው። ሁለቱን ለመለየት ከሚሠራባቸው ዋና ዘዴዎች አንዱ ይሄው የፈሳሽ ዘዴ ነው። ማዕድኑ ግን ሳይለይ ነው ወደ ውጭ ሲላክ የኖረው። ትልቁ ዋጋ የሚጨመረው ከተለየ በኋላ፣ በሌላ ሰው አገር ነው።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ለባግሩት ኬሚስትሪ ልምረጥ አልምረጥ እያላችሁ የምታመነቱ ካላችሁ፣ ይህን ታሪክ አስቡ። እውቀቱ ተቆልፎ ነበር፤ ተከፈተ። አሁን የሚጠይቀው ተምሮ መጥቶ መቀመጥን ነው። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ዘይትና ውሃ በጠርሙስ ስትንጥ ብታገኟት፣ ወጥ ቤቱን አቆሸሽሽ ብላችሁ ቶሎ አትቆጡ። መጀመሪያ ምን ልትለዪ ነው ብላችሁ ጠይቋት።